ባሕር ዛፍ ክምር ላይ የተገኘ ባለረጅም አንቴና ጢንዚዛ፦ ዝርያው የትኛው ነው? ትውልድ አገሩስ የት ነው?

የጓሮ ዛፍ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጥያቄው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አካባቢ ካለ ግቢ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ግንዱ ሳይላጥ ተከምሯል። ትናንት ከመሸ በኋላ በባትሪ ሲታይ ክምሩ ላይ ስድስት ጢንዚዛዎች ተገኙ። ሁሉም አሁን ጠርሙስ ውስጥ ናቸው። ቀን ቀን አይታዩም።

የአንዱ መልክ ይህ ነው፦ ከራሱ እስከ ክንፉ ጫፍ 24 ሚ.ሜ። አንቴናው ከሰውነቱ በግልጽ ይረዝማል፤ አንጓዎቹ ላይ ትንንሽ እሾህ አለ። ከደረቱ ግራና ቀኝ አንዳንድ እሾህ ወጥቷል። ክንፉ ከፊት በኩል የቅቤ ዓይነት ቀለም አለው፣ ወደ ኋላ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። በጣት ሲያዝ ጭርጭር የሚል ድምፅ ያሰማል።

የምፈልገው፦ የዝርያው ስም ምንድን ነው? ብዙ የሚወራለት የእስያው ባለረጅም አንቴና ጢንዚዛ እንዳይሆን ሰግቻለሁ። ትውልድ አገሩስ የት ነው? ኢንተርኔት ላይ ያሉት ካርታዎች አፍሪካም፣ አውሮፓም፣ ደቡብ አሜሪካም ነጥብ አላቸውና ግራ ያጋባሉ። ክምሩንስ ምን ላድርገው? ግቢው ውስጥ ሌሎች አራት ባሕር ዛፎች ቆመዋል።

እጭና ልጥ

የእስያው ነው የሚለው ስጋት ይቅር። እሱ የተወለወለ ይመስል የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነው፤ ክንፉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል፣ አንቴናውም አንጓ በአንጓ ጥቁርና ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ቀለበት አለው። ምግቡም ሜፕል፣ አኻያ፣ ኤልምና መሰሎቻቸው እንጂ ባሕር ዛፍ አይደለም። ትውልዱ ቻይናና የኮሪያ ልሳነ ምድር ነው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ሲሆን በኋላ ማሳቹሴትስ (2008)፣ ኦሃዮ (2011) እና ደቡብ ካሮላይና (2020) ተገኝቷል። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ሜፕል ላይ እርሳስ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ለግዛቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ሳትውሉ ሳታድሩ አሳውቁ። የባሕር ዛፉ ጢንዚዛ መውጫ ቀዳዳ ግን ሞላላ ነው።

ሲያትልና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ነጭና ጥቁር መስመር የተጋደመበት፣ ነጭ ደረቱ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ውብ ጢንዚዛ አለ። ብዙ ሰው የእስያው መስሎት ይገድለዋል። እሱ የምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ የሚኖረውም በሞተ እንጨት ነው። ተዉት።

የእርስዎ ጢንዚዛ ወገኑ ፎራካንታ ነው። የአንቴናው እሾህና የደረቱ የጎን እሾህ ይህን ይናገራሉ፤ የተገኘበት ዛፍ ደግሞ ከሁለቱም በላይ። ድምፁ መለያ አይሆንም፤ ደረቱን ሲፈትግ የሚወጣ ነው፣ ብዙዎቹ ባለረጅም አንቴናዎች ያሰሙታል። ከወገኑ ውስጥ ስሙ የገነነው ፎራካንታ ሴሚፑንክታታ ስለሆነ እሱ ይመስለኛል።

ሌንስ 10

ወንድሜ እጭና ልጥ፣ ወገኑን አግኝተኸዋል፤ ዝርያው ላይ ግን አልስማማም። ጠያቂው የጻፉት የቀለም አቀማመጥ የሴሚፑንክታታ አይደለም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ፎራካንታዎች አሉ፣ መጠናቸውም አንድ ነው፤ ከ14 እስከ 30 ሚ.ሜ ገደማ። ስለዚህ ማስመሪያ አይለያቸውም። የሚለያቸው ጠንካራው የላይኛው ክንፍና አንቴናው ነው።

ሴሚፑንክታታ ሲታይ አብዛኛው ክንፉ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። መካከሉ ላይ ክሬም ቀለም ያለው መቀነት ይዞራል፤ መቀነቱን ራሱን ደግሞ ወጣ ገባ የሚል ቀጭን ጥቁር መስመር ለሁለት ይከፍለዋል። የክንፉ ጫፍ ላይም እንደገና ክሬም ነጠብጣብ አለ።

ፎራካንታ ሬኩርቫ የዚህ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኛው ክንፉ ክሬም ወይም ቢጫ ያዘለ ቡናማ ሆኖ ጥቁሩ ቡናማ በዋናነት በኋላኛው ሲሶ ይወሰናል። ጠያቂው «ከፊት የቅቤ፣ ወደ ኋላ ጠቆር» ያሉት ይህን ነው።

በቀለም ብቻ መፍረድ ግን አይበቃም። አሁን ከፑፓ (እጩ ወደ ጢንዚዛ ከሚለወጥበት ደረጃ) የወጣ ጢንዚዛ ቀለሙ ገና ስላልጠነከረ ፈዞ ይታያል፤ በዚህ ምክንያት ሴሚፑንክታታን ሬኩርቫ ብለው የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። ማረጋገጫው የአንቴናው የታችኛ ገጽ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ይያዙ፣ ጢንዚዛውን በጀርባው አስተኝተው ብርሃኑን ከጎን ያብሩበት። በአንቴናው አንጓዎች የታችኛ ገጽ ላይ ረጃጅምና ጥቅጥቅ ያለ ወርቃማ ፀጉር ከተደረደረ ሬኩርቫ ነው። ሴሚፑንክታታ ላይ እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ፀጉር አይገኝም።

አያያዙ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበትን ልንገርዎት። ናሙናውን አልኮል ውስጥ አይንከሩ፤ ፀጉሩ ተጣብቆ አንድ ላይ ይተኛና ዋናው መለያ ይጠፋል። ጠርሙሱን እንደተዘጋ የበረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ያሳድሩት፣ ሲወጣ ክዳኑን ከፍተው ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ለስላሳ ወረቀት ላይ ያድርጉት። ፎቶው ሦስት አቅጣጫ ይኑረው፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር። ማስመሪያ አጠገቡ ይጋደም። የስልኩን ፍላሽ ያጥፉት፤ ክንፉ ላይ ነጸብራቅ ፈጥሮ የመቀነቱን መስመር ይሸፍነዋል። ስድስቱንም አንድ በአንድ ይዩ እንጂ በአንዱ ብቻ አይፍረዱ።

አንቴናው ከሰውነቱ በጣም ከረዘመ ወንድ ነው። የሴቷ ከሰውነቷ ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህ የፆታ ልዩነት ነውና ሁለት ዝርያ አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት።

የጓሮ ዛፍ

እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ተደርጎ ታየ። አምስቱ አብዛኛው ክንፋቸው የቅቤ ቀለም ነው፣ የአንቴናቸው የታችኛ ገጽ በወርቃማ ፀጉር ተሞልቷል። ስድስተኛው ግን ጥቁር ቡናማ ነው፤ መሐሉ ላይ ክሬም መቀነት፣ መቀነቱን የሚከፍል ወጣ ገባ መስመር፣ ጫፉ ላይ ነጠብጣብ። ፀጉርም የለውም። ሁለቱ በአንድ ግንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ?

ሌንስ 10

ይገኛሉ እንጂ። ሁለቱም የሚመጡት አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሽታ ጠርቷቸው ነው፤ ግንዱ ላይ ይገናኛሉ፣ እዚያው ይዳራሉ፣ እዚያው እንቁላል ይጥላሉ። አምስቱ ሬኩርቫ፣ አንዱ ሴሚፑንክታታ ነው። አምስት ለአንድ መሆኑም ለደቡብ ካሊፎርኒያ እንግዳ አይደለም።

ሴሚፑንክታታ እ.ኤ.አ. በ1984 ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ተገኘ። ሬኩርቫ የመጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1995 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል አቬቲያኔላ ሎንጎይ የምትባል፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ተርብ ከአውስትራሊያ ተወስዳ ተለቀቀች። ይህች ተርብ የራሷን እንቁላል የምትጥለው በጢንዚዛው እንቁላል ውስጥ ነው፤ ልጇ ከውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል። ሴሚፑንክታታ በእሷ ምክንያት እጅግ ተመናመነ። የሬኩርቫ እንቁላል ግን የተርቧን እንቁላል ዙሪያውን ሸፍኖ ያፍነዋል፣ ስለዚህ ብዙዎቹ ያመልጣሉ። ኋላ የመጣው የፊተኛውን ቦታ የወረሰው በዚህ ነው። ዝርያውን ለይቶ ማወቅ ለስም ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ ተርቧ የምትጠብቀውና የማትጠብቀው ዛፍ ይለያያል።

የሐይፋው

ስለ ትውልድ አገሩ ልመልስ። የሁለቱም አገር አውስትራሊያ ነው። ሌላው ሁሉ ስደት ነው።

የካርታው ግራ መጋባት የሚመጣው «የተገኘበት» እና «የተወለደበት» በአንድ ቀለም ስለሚነጠቡ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ጢንዚዛው ያለ ባሕር ዛፍና ያለ የቅርብ ዘመዶቹ አይኖርም፤ ከዘመዶቹ አንዱ ቅጠሉ ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ኮሪምቢያ ነው። ስለዚህ ዛፉ ሰው ተክሎት የበቀለበት አገር ሁሉ ለጢንዚዛውም ባዕድ አገር ነው። ኒው ዚላንድ እንኳ ለአውስትራሊያ ጎረቤት ብትሆንም የራሷ ባሕር ዛፍ የላትም፤ እዚያ ያለው ሴሚፑንክታታ መጤ ነው።

ሴሚፑንክታታ ዛሬ ደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያ፣ ሞሮኮ፣ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ቆጵሮስ፣ ቺሌ፣ አርጀንቲና፣ እዚህ እስራኤልም አለ። ሬኩርቫም ደቡብ አፍሪካ፣ ሞሮኮ፣ ስፔን፣ ቺሌና አርጀንቲና ደርሷል። የሚጓዘው ልጡ ካልተነሣ ግንድ፣ ከማሸጊያ እንጨትና ከማገዶ ጋር ነው። እጩ እንጨቱ ውስጥ ተደብቆ ስለሚሄድ ከውጭ ያየ ሰው ምንም አያውቅም።

ስያሜውን ለሚፈልግ፦ ሴሚፑንክታታን ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1775፣ ሬኩርቫን ኒውማን በ1840 ሰይመውታል። በድሮ ጽሑፎች የመጀመሪያው «ስቴኖኮረስ» በሚል የወገን ስም ይገኛል።

አውስትራሊያ ውስጥ ሆኖ ጤነኛ ደን የሚያጠፋ አይደለም። የወደቀ፣ የተሰበረ፣ የተቃጠለ፣ በድርቅ የተጎዳ ዛፍ ይበላል፤ ጠላቶቹም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያን በ2010 እና 2011 ድርቅና ሙቀት በመታው ጊዜ ጃራ በሚባለው የባሕር ዛፍ ዝርያ ደን ውስጥ እዚያው ባገሩ ተባዝቶ ጉዳት አደረሰ። ዛፉ ሲጠማ ለጢንዚዛው በሩ ይከፈታል፤ ይህ በትውልድ አገሩም በስደቱም ያው ነው።

እጭና ልጥ

ሌንስ 10 ትክክል ነህ፤ የክንፉን ገለጻ በጥድፊያ ነው ያለፍኩት። አሁን ወደ ክምሩ እንሂድ።

መጀመሪያ ውስጡን እንወቅ። ሴቷ እንቁላሏን በለቀቀ ልጥ ሥርና በስንጥቅ ውስጥ ከ3 እስከ 30 እያደረገች በቡድን ትጥላለች፤ በዕድሜዋ እስከ 300 ትደርሳለች። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ከልጡ ውጫዊ ገጽ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ ጠቆር ያለ ቀጭን ዱካ የትንሹ እጭ መንገድ ነው። እጩ ካምቢየሙ (በልጡና በእንጨቱ መካከል ያለው ሕያው ስስ ሽፋን) ላይ ሲደርስ እዚያው አግድም እየበላ ይሄዳል፤ መንገዱ እየሰፋ፣ በብናኝና በኩስ እየታጨቀ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሲደርስ ወደ እንጨቱ ገብቶ በሩን በብናኝ ይደፍንና ፑፓ ይሆናል። በአዲስ ግንድ ውስጥ ይህ 70 ቀን ገደማ ይፈጃል፣ በደረቀ ግንድ እስከ 180 ቀን ይጎተታል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው የክምሩ አያያዝ የሚቆመው።

የእርስዎ ክምር ሦስት ሳምንቱ ነው። እጮቹ ገና ትንንሽ ናቸው፣ ስለዚህ አሁኑኑ ከተንቀሳቀሱ ገና አልረፈደም። ከሁሉ የሚሻለው ልጡን መላጥ ነው። እጩ ልጡና ካምቢየሙ ከሌለ አያድግም፤ የተላጠ ግንድ ላይም አዲስ እንቁላል አይጣልም። በመጥረቢያ ወይም በመላጫ ብረት እስከ ነጩ እንጨት ድረስ ይላጥ። እዚህም እዚያም መዳፍ የምታህል ልጥ ከተረፈች እጭ ታሳድጋለች። የተላጠውን ልጥ በማሽን መፍጨት ያስፈልጋል፤ ክምር አድርጎ ጥግ መጣል ችግሩን ማዛወር ነው።

መላጥ ካልተቻለ እንጨቱን ይፍለጡት፣ ፀሐይ በሚያገኝ ሜዳ ላይ ቁመቱ ከ1.2 ሜትር ሳይበልጥ ይከምሩት፣ በላዩም የፀሐይ ጨረር የማያበሰብሰው ዓይነት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ያልብሱት። ጥቁር ወይም ነጭ ሸራ አይሆንም፤ ጨረሩን ወደ ውስጥ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ክምሩ በበቂ አይግልም። ዳርና ዳሩን ዙሪያውን በአፈር ይቅበሩት። ስድስት ወር ይቆይ። ስድስት ወር የተባለው ያቺ 180 ቀን ስላለች ነው፤ በሦስተኛው ወር የሚገልጡ ሰዎች ዋናውን ሰልፍ ራሳቸው ይለቁታል። የተጠረበ ጠርዝ ፕላስቲኩን ስለሚበጥስ ከላይ ያሉትን እንጨቶች ሹል ጫፍ ወደ ውስጥ ያዙሩ። በየሳምንቱ ዞረው ይዩት፤ የተቀደደውን ያኔውኑ በማጣበቂያ ይዝጉት።

ክምሩን ከቆሙት አራት ዛፎች አጠገብ አያቆዩት። ለሌላ ሰው ማገዶ ብለውም አይስጡ፣ በመኪና አይጫኑ። በቤት ውስጥ ከማገዶ የወጣ ጢንዚዛ ካያችሁ ግን ለወንበርና ለጣሪያ እንጨት አትፍሩ፤ በደረቀ የቤት እንጨት ላይ አይራባም።

ባለ አትክልት

እናንተ ሊቃውንት፣ መድኃኒት ብንረጭበት አይቀልም? ሰፈራችን ውስጥ አንድ ባለሙያ ግንዱን እስከ ላይ እንርጨው ይላል።

ሌንስ 10

አይረዳም እህት/ወንድም። እጩ ከልጡ ሥር ነው፣ መርጫው አይደርስበትም። ጢንዚዛው ቀን ልጥ ሥር ተሸሽጎ ሌሊት የሚወጣ ነው፣ ለወራትም ይኖራል፤ ደጋግሞ መርጨት የግድ ይሆናል። የሚሞተው በቅድሚያ ያቺ ተርብ ናት፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ልጡ ላይ እየተመላለሰች እንቁላል ትፈልጋለች። ገንዘቡን ለውኃ አውሉት።

የጓሮ ዛፍ

ስለ ውኃው እስቲ አብራሩልኝ። አራቱ ዛፎች ለብዙ ዓመት ውኃ ጠጥተው አያውቁም፤ ባሕር ዛፍ ድርቅ ይችላል እየተባለ።

እጭና ልጥ

ድርቅ ይችላል ማለት ሳይሞት ይቆያል ማለት ነው፤ ልጡ ግን ይደርቃል። እጩን የሚያቆመው የልጡ እርጥበት ነው። በውኃ የጠገበ ልጥ ውስጥ የገባ ትንሽ እጭ ካምቢየሙ ላይ ሳይደርስ ይሞታል፤ ቀዩ ሙጫም ያጥለቀልቀዋል። ግንዱ ላይ ሙጫ ሲፈስ ካዩ ዛፉ እየተከላከለ ነው ማለት ነው፣ ለመቁረጥ አይቸኩሉ። ሙጫው ቆሞ፣ ቅጠሉ ወይቦ፣ ልጡ ተሰንጥቆ ሲታጠፍ ነው የሚያሰጋው።

ዝናብ በሌለባቸው ወራት በወር አንድ ጊዜ በቀስታ፣ ረዘም ላለ ሰዓት ያጠጡ። ውኃው ግንዱ ሥር አይፈስስ፤ የቅርንጫፎቹ ጥላ በሚያበቃበት ዙሪያ ይሁን። ሲጨርሱ ቀጭን ብረት ይውጉ፤ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ ያለችግር ካልገባ ውኃው አልደረሰም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት የላዩን አፈር ብቻ ያረጥባል፣ ለዛፉ አይደርስም።

ዝርያውም ይለያያል። ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ግሎቡለስ በጣም ተጠቂ ነው። ግራንዲስ፣ ሳሊግና፣ ቪሚናሊስም እንዲሁ። ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ካማልዱለንሲስ፣ እንዲሁም ክላዶካሊክስ፣ ሮቡስታና ሲዴሮክሲሎን ይሻላሉ። አራቱ የትኞቹ እንደሆኑ ካላወቁ የወጣት ቅጠልና የፍሬ ፎቶ ይላኩ። ግሎቡለስ ፍሬው ትልቅ፣ ሸንተረር ያለውና ለብቻው የሚቀመጥ ነው፤ ወጣት ቅጠሉ ሰማያዊ ያዘለ አመድማ ሆኖ ያለ እጀታ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ይወጣል። የካማልዱለንሲስ ፍሬ የቁንዶ በርበሬ ቅንጣት የምታህል ሆና በዘለላ ትመጣለች።

የሐይፋው

እዚህ ብዙው ካማልዱለንሲስ ነው፣ ይሻላል መባሉም እውነት ነው። ግን የሚሻለው ውኃ እስካገኘ ድረስ ብቻ መሆኑን ጠያቂው ይያዙልኝ።

የጓሮ ዛፍ

የአንዱ ዛፍ ፍሬ ትልቅና ብቻውን የሚቀመጥ ነው፣ የሦስቱ በዘለላ ነው። ትልቅ ፍሬ ያለው ቤቱ ላይ ያዘነበለ ቅርንጫፍ አለው። መቼ ይቆረጥ?

እጭና ልጥ

እንግዲያው አንዱ ግሎቡለስ ነው፤ ቅድሚያ ውኃ የሚያገኘው እሱ ይሁን። ቅርንጫፉን አሁን አይንኩት፤ አዲስ የቁስል ሽታ በሙቀት ወራት ጢንዚዛውን ከሩቅ ይጠራል። ለደቡብ ካሊፎርኒያ ታኅሣሥና ጥር፣ ማለትም የፈረንጆቹ ዲሴምበርና ጃኑዋሪ፣ ጢንዚዛው ሥራ የሚፈታበት ጊዜ ነው። የሰውን ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ብቻ ዛሬ ይቆረጥ፤ ያኔም የወረደው ቅርንጫፍ በዚያው ቀን ይላጥ ወይም ይፈጭ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ሳይላጥ አይደር።